የሆጃው ካርቶን ቀለም

እኛ ድሬዎች በቀትር እንቅልፍ አንደራደርም፤ ያን ቀን ግን ፈትያ አላስተኛ አለችኝ። የመጋላ ልጅ ናት። ሟች እናቷ ከቡና ገለባና ከወተት ታፈላው የነበረውን ሆጃ፣ ገለባውን እያሸገች ልትሸጥ ተነስታለች። ከዚራ ሰፈር ትንሽ ማተሚያ ቤት ስላለኝ ካርቶኑን የምሠራላት እኔ ነኝ። ፊደሉን ወደደችው፤ የብርጭቆውን ሥዕልም ወደደችው፤ ቀለሙ ላይ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያሳየኋትን ናሙና ሁሉ «ይሄ አይደለም» እያለች መለሰችብኝ።

«አቦ ፈትያ፣ ሆጃ መቼም ቡናማ ነው! የቱን ቡናማ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት ተናድጄ።

«እማዬ ከቀትር እንቅልፍ ስትቀሰቅሰኝ፣ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የሆጃውን ብርጭቆ ነበር። እሱን ቀለም ነው የምፈልገው።»

መስኮቱን ገርበብ አድርጌ፣ ቬንትሌተሩን ከፍቼላት ቀለም ልበጥብጥ ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ጠዋት «አይደለም» ያለችውን ናሙና ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩና እኔም ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩ። በሕልሜ መላው ከዚራ ከነዛፎቹ ብርጭቆ ውስጥ ተኝቶ አየሁ።

«ይሄ ነው! ወላሂ ይሄ ነው!» ስትል ባነንኩ። በመስኮቱ ክፍተት የገባው ብርሃን ካርቶኑ ላይ አርፏል፤ እሷ ዓይኗ ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ ታለቅሳለች።

የጠዋቱ ናሙና መሆኑን አልነገርኳት፤ እሱኑ አተምኩላት። አሁን ሱቋ የሚመጣ ሰው ካርቶኑን አገላብጦ «ቀለሙ ትንሽ አልደበዘዘም?» ሲላት፣ «መጀመሪያ ተኝተህ ተነሳና እየው» ትለዋለች።