ጭሱ የጠፋበት ኅዳር

ሰው ሁሉ የሚኮራበት አያጣም፤ የአቶ ጉልላት ኩራት ጭሳቸው ነበር። ኅዳር ሚካኤል በደረሰ ቁጥር አዲስ አበባ ጥራጊዋን አቃጥላ ትታጠናለች። ከቁስቋም በታች ካሉት ግቢዎች ግን የእሳቸውን ያህል የሚጨስ አልነበረም። ሌላው የሰሞኑን ጥራጊ ሲያነድ፣ እሳቸው በጓሯቸው ያጠራቀሙትን የዓመቱን ያነዳሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሲስሉ ይከርማሉ። አቶ ጉልላት ሳሉን በሰሙ ቁጥር፣ ጭሱ በሽታውን እያስወጣላቸው መሆኑን በአጥር ላይ ይነግሯቸዋል።

እንዲያው ለጉራ አልነበረም። አቶ ጉልላት የተወለዱት የኅዳር በሽታ ከተማውን በጨረሰበት ዓመት ነው፤ እናታቸው በጭስ አጥነው እንዳተረፏቸው ሲነገራቸው አድገዋል። ስልሳ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ያኖረውን ነገር አይጠረጥርም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር እንደገባ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ለወጡ ሰው ደብዳቤ ብርቅ አይደለም፤ ይኼኛው ግን ሦስት ጊዜ አስነበባቸው። ጓሮው እስከ ፋሲካ ካልለማ ለሸማኔዎች ማኅበር መጋዘን እንደሚሠራበት ይገልጻል። በዚያ ጓሮ ሟች ባለቤታቸው የተከሉት የኮክ ዛፍ አለ። መጋዘኑ ከቆመ ኮኩ ይወድቃል። ለማልማት ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም፤ ሁለት ዓመት ጎመን ተክለዋል። ባሕር ዛፍ የመጠጠው ቀይ አፈር የሰጣቸው ጎመን ግን እንደ ጎረምሳ ጢም እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ቀረ።

በማግስቱ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ተባለ። አቶ ጉልላት እንደ ደንቡ ወረፋቸውን አንድ የዛገ ጣሳ አስይዘው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የወይዘሮ ብርቅነሽ ልጅ የዓለምወርቅ፣ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቃ ከተመለሰች ወር ያልሞላት፣ በዚያ ስታልፍ ጣሳውን አነሳችው።

«ጋሼ ጉልላት፣ ይህ ጣሳ የእርስዎ ነው?»

«መልሺው የኔ ልጅ። እኔ ነኝ።»

«ትንሽ ዝገዋል» አለችና በቦታው አስቀመጠችው። «ሥራ ካለው ታዲያ ለምን ይጣላል?»

ከጎናቸው ተቀመጠች። ነገር ነገርን አንሥቶ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ኮኩ፣ ስለ ጎመኑም ነገሯት። በእሳቸው ግምት ጥፋቱ የዘሩ ነው። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አፈሩ ተርቦ ነው። ምግቡን እርስዎ በየዓመቱ ያቃጥሉበታል።»

«እኔ የማቃጥለው ጥራጊ ነው።»

«የድንች ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የዶሮ ኩስ። መሬት የሰጠችዎትን ነው። ቢመልሱላት ትበላለች።»

አቶ ጉልላት ተቆጡ። ዘንድሮ ጭስ ይቅር ያለች ነገ ጠበል ይቅር ማለቷ እንደማይቀር አስረዷት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔን ከሞት ያተረፈኝ ጭስ ነው። ያን ጊዜ ኮሌጅሽ የት ነበር?»

የዓለምወርቅ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የማያደርገውን አደረገች፤ መልሳ ጠየቀች። 

«ኮሌጄስ አልነበረም፤ እናትዎ ነበሩ። ከማቃጠላቸው በፊት ምን አደረጉ?»

«ጠረጉ እንጂ።»

«ዓመት ሙሉ አጠራቅመው?»

አቶ ጉልላት ወደ ጣሳቸው ተመለከቱ።

«በሽታው የሚፈራው መጥረጉን ነው ጋሼ። እርስዎ ለዝንብና ለአይጥ አሥራ አንድ ወር ቀለብ ይሰፍሩላቸውና በአሥራ ሁለተኛው ያጥኗቸዋል። እናቴን ደግሞ አብረው።»

ይህን ሲሰሙ በአጥር ላይ የሰጡት የሕክምና ምክር ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉምና አንድ የቀረቻቸውን ነገር ወረወሩ።

«እሺ፤ ልጣጩ ከጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ከጨርቅ ተደባልቋል። ያን ሁሉ ማን ይለየዋል?»

«ፖስታ ቤት ሳሉ የጎጃምና የሐረር ደብዳቤ ባንድ ከረጢት ሲመጣልዎት ያቃጥሉት ነበር?»

 ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ ጣሳው ባለበት ቀረ። የዚያን ቀን አቶ ጉልላት ስኳር ሳይደርሳቸው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ማታ ሻያቸውንም ያለ ስኳር ጠጡ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ክምሩ ተበተነ። አቶ ጉልላት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸው የድሮውን ፍጥነት አግኝቶ ለዩ። ልጣጩ፣ ቅጠሉና ኩሱ ጉድጓድ ገብቶ ውሃ ተረጨበት፤ አፈርም ለበሰ። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው በደስታ ተሸክሞ ሄደ። ለእናታቸው መታሰቢያ አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል ብቻ አጨሱ። ጭሱን ያጣው ሰፈር አቶ ጉልላት ምን ሆኑ ብሎ ሊጠይቅ መጣ፤ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ወይዘሮ ብርቅነሽም በዚያ ሳምንት አልሳሉም።

መጋቢት ላይ ጉድጓዱ ሲከፈት አፈሩ ጠቁሯል፤ ሽታውም ክረምት የገባ ይመስላል። ጎመኑ በዚያ ላይ ተተከለ።

በሰሞነ ሕማማት የቀበሌው ጓድ ዓምሃ ሜትር ይዘው መጡ። ወደ ጓሮው ዘለቁና ቆሙ። ጎመኑ ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ የሕፃን አንቀልባ ያህል ሰፍቷል፤ ኮኩ መሐሉ ላይ ቆሟል። ጓድ ዓምሃ ሜትሩን ሳይዘረጉ ኪሳቸው ከተቱት።

«ይኼ በምን መጣ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሳቃጥለው በኖርኩት ነገር» አሉ አቶ ጉልላት።

ጓሮው የለማ ነው ተብሎ ተጻፈ። ጓድ ዓምሃ ግን ወዲያው አልወጡም። በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእሳቸውም ቤት ልጣጭ መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩም እንደ እሳቸው ልጣጩን እየለየ መቅበር ያዘ፤ የተረፈውን ጥራጊ ወደ ወንዝ መድፋትም ተወ። ዝንቡ ሳሳ፤ በየጓሮው ቆስጣና ጎመን በቀለ፤ ገበያ ለጎመን ይወርድ የነበረው ሰው ለጎረቤቱ ማካፈል ጀመረ። ቆሻሻ የሚባለው ነገር እጅግ ጥቂት እንደሆነ፣ የቀረው ቦታውን ያጣ ብቻ እንደሆነ ሰው በዓይኑ አየ። አቶ ጉልላት ጎረቤት ለሚያመጣው በራቸው ላይ ሦስት ቅርጫት ደርድረዋል፤ ለልጣጩ ጎጃም፣ ለጠርሙሱ ሐረር፣ ለጨርቁ ባሌ ብለው ጽፈውባቸዋል። የዓለምወርቅ ስታነበው ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

አንድ ቀን ጎጃም ውስጥ፣ ከጓድ ዓምሃ ቤት በመጣው ልጣጭ መሐል፣ ጠርሙስ ተገኘ። አቶ ጉልላት አገላብጠው ካዩት በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ቁልቁለቱን ወረዱና የጓድ ዓምሃን በር አንኳኩ።

«ለላኪው ይመለስ» አሉና አስረከቧቸው።