የምራቴ ራዲሽ

ምራቴ ሩት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው የተወለደችው። "አንተ" ትለኛለች፤ ልጄ ይቆጣታል፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

በብርዱ ወራት ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ካለው ቤታችን ጓሮ መደብ አዘጋጅታ ዘር ዘራች። እናቷ "አንቺ እጅሽ አያበቅልም" ስለሚሏት፣ ሲደርስ እሑድ ጠርታ ልታሳያቸው ነው። ቅጠሉ ወጣ፤ ሳየው ጎመን ነው። ጎመን ደግሞ ከታች ከታች ካልቀነጠሱለት አያምርበትም። ላግዛት ብዬ፣ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ቀነጠስኩላት። ቅጠሉንም አልጣልኩትም፤ ቀቅዬ አቆየሁላት። "ዋው፣ አባባ!" እያለች በላች።

እሑድ እናቷ መጡ። ሩት ጎንበስ ብላ ስትነቅል የአይጥ ጭራ የመሰለ ቀይ ሥር ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

"ራዲሽ እኮ ነው! የሚበላው ሥሩ ነው። ቅጠሉን ምን በላው?"

"እኛ" አልኳት። "ማታ ማታ የምትበዪው ጎመን እሱ ነው።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ "እጅሽስ አብቅሎ ነበር ልጄ፣ ጋሼ ጋጡብሽ እንጂ!" አሏት። ይኼኔ እሷም ሳቀች።

በማግስቱ መደቡን በእንጨት ለሁለት ከፍላ እንደገና ዘራች። "ሶ፣ ይሄ ያንተ፣ ይሄ የእኔ። የእኔን እንዳትነካ፣ ኦኬ?"

"እሺ" አልኩ። አልነካሁም።

ትናንት በመስኮት ሳይ፣ ከእኔ በኩል ቁጭ ብላ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ድስቱን ጣድኩ።