አማቼ ጣሪያው ነው ካሉ

ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በምትሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄያለሁ። ሚስቴ ስትጠራኝ የማይሰማው ጆሮዬ የሰው ጉዳይ ሲሆን ይከፈታል። ከፊቴ አንድ መምህርና የቤት አከራዩ ያወራሉ።

«ጋሽ ዳና፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየወረደ ነው። ጭቃው ሊናድ ነው።»

«አይቻለሁ፣ መምህር።»

«ቧንቧው ሲገጠም አልጠበቀም። የገጠመው ሰው መጥቶ ያስተካክለው።»

«የገጠሙት እኮ ልጄን ለልጃቸው የጠየቁኝ ሰውዬ ናቸው። አማች ‹ሥራዎ ተበላሽቷል› ይባላል? ነውር ነው።»

«ሌላ ባለሙያ ይጥሩ እንግዲህ።»

«ቢሰሙስ? ሠርጉ እስኪያልፍ ታገሥ።»

«እኔ እታገሣለሁ። ግድግዳው ነው የማይታገሠው።»

«አልጋህን ወደ መሀል ሳብ።»

«ከሳብኩት ቆየሁ። መጽሐፎቼ አልጋው ላይ ተኝተዋል፤ ቦታ ያጣሁት እኔ ነኝ። ለቀበሌ ልናገር ይሆን?»

«ተናገር። ሊቀመንበሩ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ነው ልጅቷን የጠየቀው።»



«አማችዎ ትናንት መጥተው ግድግዳውን አዩት።»

«ምን አሉ?»

«‹ጣሪያው ያፈሳል› አሉ።»

«አንተስ?»

«በዚህ በጋ ምን ዝናብ አለ አልኳቸው።»

«አዋረድካቸው፣ መምህር። በል ነገ ቆርቆሮውን አስነሣለሁ።»

«ጣሪያው እኮ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ መቼ አጣሁት? ግን አማቼ ጣሪያው ነው ብለዋል።»

እኔም ከኋላቸው ቀስ ብዬ ቀና አልኩና የሚኒባሷ ጣሪያ ያፈስ እንደሆነ አየሁ።