አልቅቱና የሐሙሱ ባቡር

— ሄሎ! … ሄሎ! አዎ፣ ድሬዳዋ ነው፣ የሙመድ ሱቅ። … አዎ፣ የኔነሽ እኔ ነኝ፤ አገናኚኝ እህቴ። … ሄሎ? ክፍሉ? … እኔ ነኝ፣ እህትህ። ትሰማኛለህ? … ሙመድ፣ አቦ ያን ራዲዮ ቀንስልኝ፤ ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ!

— እማዬማ ሆስፒታል ተኝታለች። … እግሯ ነው። ቀኝ እግሯ። … ቁርጥማቱማ ድሮም ነበረ። አምስት ዓመት ሙሉ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ኖረ፣ አንተ የት አይተኸው! የአሁኑ ግን ቁስል ነው። አመርቅዟል፣ ጠቁሯል።

— አዎ፣ አልቅት። … አልቅት ነው ያልኩህ፣ ደም የሚመጠው። … አትጩህብኝ። … ክፍሉ፣ አትጩህብኝ! ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ «በዚህ በሠለጠነ ዘመን» ማለት ቀላል ነው። የፋርማሲው ክኒን ሆዷን አቃጠላት እንጂ ጉልበቷን አልነካውም። ያስነሳቻት ሻሚስ ናት። … ረሳሃት? የመጋላ ሰፈሯ ሻሚስ፣ ኩፍኝ ሲይዝህ አዝላህ ያደረችው! አልቅቱን ከአለማያ ሐይቅ በጠርሙስ ታስመጣለች። ሁለት ጊዜ ጉልበቷ ላይ አስያዘችላት፣ ሁለቴም እብጠቱ ጎደለ። እማዬ ያለ ምርኩዝ እስከ አጥሩ በር ሄደች። በዓይኔ አይቻለሁ።

— ታዲያ ምን ሆነ ትለኛለህ? አንተ ሆንካ! … ቆይ፣ ልናገር። «ሐሙስ በባቡር እመጣለሁ፣ ጣቢያ ጠብቁኝ» ብለህ አልጻፍክም? … ጽፈሃል። ደብዳቤህን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የከረመችው። «ልጄ ሰው ተሸክሞኝ አያየኝም፣ ቆሜ ነው የምስመው» ብላ ሦስተኛውን ዙር ለዚያው ለሐሙስ አቆየችው። ሻሚስ በጠዋት ልትመጣ ነበር። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ደቻቱ ወንዝ ሞላ፣ ድልድዩ ላይ ሰው አናሳልፍም አሉ። ውሃው እስኪጎድል ወዲያ ማዶ ቆማ፣ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። አራት አልቅት አስያዘቻትና «ሲጠግቡ ራሳቸው ይወድቃሉ፤ እጅሽ እንዳይነካቸው፣ ከተነቀሉ ጥርሳቸው ሥጋሽ ውስጥ ይቀራል» ብላት ልትሰግድ ወጣች።

— እህ፣ ከዚያማ ባቡሩ ጮኸ። … አዎ፣ የአንተው ባቡር። እማዬን አታውቃትም? አባባ ባቡር ላይ ከሚሠራበት ዘመን ጀምራ በባቡር ጩኸት ነው የምትነሳው፣ የምትቀመጠው። ሁለት እጇን ሰደደችና አልቅቶቹን እየቦጨቀች ጣለቻቸው። አራቱንም! ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል። «እማዬ ቆዪ፣ ጨርቅ ላምጣ» ስላት «ልጄ ደርሷል፣ ዞር በይልኝ!» አለችኝ። በመቀነቷ ጠፍንጋ አስራው ወጣች። ሮጠች ብልህ ታምነኛለህ? ስድሳ ያለፋት ሴት ሮጠች!

— … አለህ? … ከባቡሩ አልወረድክም። … ዕቃ አውራጆቹ ሳይቀሩ ሄዱ፣ እሷ ቆማለች። «እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል» እያለች በየመስኮቱ ስታይ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ ሄደች። ጫማዋ በደም ርሷል። በማግሥቱ ቴሌግራምህ ደረሰ፤ «ሥራ ያዘኝ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ።»

— ሻሚስን አትንካት! … ለፖሊስ? እስቲ ሞክረኛ! ሴትየዋ ሆስፒታሉ በር ላይ ስታለቅስ ነው የምትውለው። አንተንስ ማን ይክሰስህ?

— ኧረ አልተሻላትም! ስማ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው። ዶክተሩ፣ እግሯ ዛሬ ከጉልበቷ በላይ ካልተቆረጠ ትሞታለች ብሏል። … እምቢ አለቻ። «ሐሙስ ክፍሉ ይመጣል፤ በሁለት እግሬ ቆሜ ልሳመው፣ ከዚያ ወዲያ ለውሻም ስጡት» ትላለች። … ዛሬ ማክሰኞ ነው ክፍሉ! ብትመጣም ቀብር ነው የምትደርሰው።

— ነገርኳት እንጂ! «አይመጣም» አልኳት። «ቀንተሽ ነው» አለችኝ። እኔን! ሽንቷን የምቀበላትን፣ በእጄ የማጎርሳትን! … ኋላ ምን አለች መሰለህ? «ከገዛ አፉ አልመጣም ሲል ሰምተሽ በማርያም ማዪልኝ፣ ያን ጊዜ እንዲቆርጡኝ በጣቴ እፈርማለሁ።» እኔ ደግሞ ማርያምን ጠርቼ በሐሰት አልምልም፣ ታውቀኛለህ። ለዚህ ነው ደውል ያልኩህ። በለኝ።

— «እመጣለሁ» አይደለም! እመጣለሁንማ ጠግበናል። … አለቃህ ፈቃድ ከልክሎህ ነው? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ተወው አሁን። «አልመጣም» በል። … ሄሎ? ሄሎ? … እህቴ፣ አትቁረጪው፣ በእናትሽ አንዴ ጨምሪልን! … ክፍሉ፣ አታልቅስ። ኋላ ታለቅሳለህ፣ ጊዜ አለህ። ቃሏን ብቻ በላት። … ጮክ በል፣ አልሰማሁህም። … ድገመው።

— … እሺ። ሰማሁ። … እግዜር ይስጥህ። በአምስት ዓመት ከነገርከን ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነው።

— ደግሞ ሐሙስ ብድግ ብለህ እንዳትመጣ። … እትዬ አትበለኝ! እንዳትመጣ ነው የምልህ። አሁን ሄጄ በማርያም ልምል ነው፤ በስተርጅና ሐሰተኛ እንዳታደርገኝ። … በቃ፣ ዘጋሁት።

— ሙመድ! ጋሪ አቁምልኝ፣ ሆስፒታል ልሂድ፣ ቶሎ! … አዎ፣ አልመጣም አለ። ተመስገን።