በአፍንጫ የሚገባ ስፒሪቶ

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ጠዋት በሰቆጣ ገበያ ሳልፍ ጋሽ ኢድሪስን ከሱቃቸው ደጅ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ለፕሪመስ ምድጃ ማቀጣጠያ የሚሆን ስፒሪቶ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ እየቀዱ የሚሸጡ፣ በሃይማኖታቸው የማይታሙ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ጠርሙስ ብዙ ስለሚቆየኝ ከሱቃቸው ከደረስኩ ሰንብቼ ነበር።

ሰሞኑን ግን ይታሙ ጀመር። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ በቀበሌው ስብሰባ የምርት ዕድገት ሪፖርት ሲነበብ ብቻቸውን ስቀዋል። የጋሽ ኢድሪስን ልጅ ዓሲያን ለወንድ ልጃቸው ያጩት ሐጂ ሸምሱ የሰካራም ልጅ አልፈልግም ብለው፣ እጮኝነቱን ሊያፈርሱ ያን ዕለት እንደሚመጡ ጋሽ ኢድሪስ ራሳቸው ነገሩኝ።

ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ያመኛል፤ ዓይኔንም ያቃጥለኛል። ሱቄን በምዘጋበት በጁምዓ ግን ይተወኛል።"

ወደ ውስጥ ብመለከት መስኮቱ በጆንያ ተጠቅጥቋል።

"ምነው ደፈኑት?"

"ስፒሪቶው እየተነነ አለቀብኝ፤ እንዳይወጣ ነዋ።"

"ካልወጣ የት ይሄዳል?"

"እዚያው ይቀራላ።"

"እዚያው ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ኢድሪስ።"

"ልጄ፣ በአፌ ያልገባ ሐራም እንዴት ያሰክረኛል?"

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን አስታውሼ፣ ትነቱ በሳንባ በኩል ከደም እንደሚቀላቀል፣ ራስ እንደሚያዞር፣ ለማቀጣጠያ የሚሸጠው ስፒሪቶም ዓይንን የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት እንደሚችል አስረዳኋቸው። ዩኒቨርሲቲ ቀልድም ያስተምራል እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ሐጂ ሸምሱ ሲደርሱ ውጭ ተቀመጡ ብላቸው፣ ገበያተኛ እንዳይሰማቸው ሁለቱም ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ከደጅ ቀረሁ። መጀመሪያ ቁጣ ሰማሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሐጂ ቆባቸውን ገልብጠው አጥልቀው፣ መቃኑን ይዘው ወጡ።

"መሬቱ ምን ሆኖ ነው የሚሄደው?"

ጋሽ ኢድሪስ ተከትለዋቸው ወጥተው ትክ ብለው አዩአቸው።

"ሐጂ፣ ምን ጠጡ?"

"ወላሂ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።"

"እኔስ ምን አልኩ?" አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

ሐጂ ነፋሻው ቦታ ተቀምጠው ራሳቸው እስኪረጋ ቆዩ። ሲነሡ የሠርጉን ቀን ቆረጡ።

ጆንያው በዚያው ዕለት ተነሣ። በርሜሉ እሳት ከማይደርስበት፣ ጥላ ካለው በረንዳ ወጣ፤ አፉም በደንብ የሚገጥም ክዳን ተበጀለት። መስኮት መድፈን ያላዳነውን ስፒሪቶ ክዳኑ አዳነው። በሳምንቱ የጋሽ ኢድሪስ ራስ ምታት ተዋቸው፣ ዓይናቸውም ጠራ።

በተከታዩ የቀበሌ ስብሰባ ያው ሪፖርት ሲነበብ አልሳቁም። እንደ ሁላችን አንቀላፉ፤ ለጤንነታቸው ሌላ ምስክር አላስፈለገም።