ፍጉን ማን ይሸከም

ባልየው ጎአ፣ ሚስትየው አስቴር ይባላሉ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ከጨንቻ በሚኒባስ ስንወርድ ግን ከፊቴ ተቀምጠው ነበርና አዳመጥኩ።

«ዘንድሮ ለድንቹ ፍግ ስጪኝ።»

«ፍጉ የእንሰቴ ነው። አንተ ዩሪያ አለህ።»

«ዩሪያ ብቻውን ቅጠል አበዛብኝ።»

«አዎ፣ ቅጠሉ ላም ይደብቃል። ድንቹ የፍየል በጠጥ ያህላል።»

«ሁለቱ አብረው ሲገቡ ነው የሚወፍረው። ዘንድሮም ካልያዘ ለዘር እንኳን አይተርፈንም።»

«እሺ፣ ግማሹን ውሰድ። ግን ራስህ በጀርባህ ተሸከም።»

«ፍግ መሸከም የሴት ሥራ ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያምናውን ድንችህን አይቷል። ከዚያ የባሰ ምን ይላል?»

ጎአ ወደ አስቴር ዞረ።

«በየትኛው ቅርጫት?»

«በእኔው።»

እኔም ይህን ለሚስቴ ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ አርባ ምንጭ ደረስኩ።