የሰኔው ፈተና

(በወሎ ገጠር ከወንዝ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት፤ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ገበሬው ይመር ትንሿን ልጁን ሀያትን ከትምህርት ሊያስወጣ ርእሰ መምህርቷ ብዙነሽ ቢሮ ገብቶ ቆሟል።)

ይመር፦ አልቀመጥም። የሀያትን ስም ከመዝገብ ይሰርዙልኝና ልሂድ።

ብዙነሽ፦ ፈተና እኮ ደረሰ፣ ጋሽ ይመር! ከክፍሏ አንደኛ ናት።

ይመር፦ እህቷም አንደኛ ነበረች።

ብዙነሽ፦ አውቃለሁ።

ይመር፦ ዘንድሮ ፈተናው መቼ ዋለ?

ብዙነሽ፦ ሰኔ ሃያ።

ይመር፦ እንዳምናው?

ብዙነሽ፦ እንዳምናው። ካላንደሩን የሚያወጣው ወረዳው ነው። ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ነው።

ይመር፦ እንግዲያስ ለወንዙም አንድ ቅጂ ይላኩለት። እስከ ሃያ ድረስ እንዳይሞላ።

ብዙነሽ፦ ድልድይ ይሠራል ተብሏል።

ይመር፦ ሰዓዳን የቀበርን ዕለትም ተብሏል። ለቅሶው ላይ ቆመው ነው የነገሩን።

ብዙነሽ፦ እኔ ዝም አላልኩም። አምናም ዘንድሮም ጽፌያለሁ። ግማሹ ተማሪ ከማዶ ነው የሚመጣው፣ ፈተናው ወደ ግንቦት ይምጣልን አልኳቸው። ለአንድ ትምህርት ቤት ተብሎ ካላንደር አይቀየርም አሉኝ።

ይመር፦ እርስዎን ልወቅስ አልመጣሁም።

ብዙነሽ፦ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ዓመቱን ሙሉ ፈራሁ።

ይመር፦ ምን?

ብዙነሽ፦ ያን ጠዋት ሰዓዳ ወንዙ መሙላቱን እያየች ለምን ገባች?

ይመር፦ ይቅርብዎ።

ብዙነሽ፦ ይንገሩኝ።

ይመር፦ ክንዷን ይዣት ነበር። «ዛሬ ይቅር፣ ሲጎድል ትፈተኛለሽ» አልኳት። «አባ፣ ለቀረ ሰው ሁለተኛ ፈተና የለም ብላናለች መምህርት» አለችኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው፣ ከእሷ በላይ ምን አውቃለሁ? ለቀቅኳት።

ብዙነሽ፦ ብያለሁ። ሰልፍ ላይ ነው ያልኩት። እንዳይቀሩ ብዬ ላስፈራራቸው።

ይመር፦ እኔም ለቅቄያታለሁ። አያልቅሱ እባክዎ፣ ተማሪዎቹ ይሰማሉ።

ብዙነሽ፦ ይስሙ። እስከ ስድስት ሰዓት የፈተና ወረቀቷን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዘግይታ ብትመጣ ላስገባት።

ይመር፦ ይህን አላወቅሁም።

ብዙነሽ፦ ለማን እነግራለሁ? ያስፈራራኋት እኔ፣ የጠበቅኋት እኔ።

ይመር፦ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ስሟን ይሰርዙልኝ።

ብዙነሽ፦ ግንቦት ሃያ ሦስት እንፈትናለን። ሁሉንም። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ።

ይመር፦ ወረዳው ፈቀደ?

ብዙነሽ፦ አልፈቀደም። ፈተናውን የምናወጣው እኛው ነን። መምህራኑን ዛሬ ከሰዓት እሰበስባለሁ። ለወረዳው ልጆቹ ጨርሰው ቤታቸው ከገቡ በኋላ አሳውቃለሁ።

ይመር፦ ተይ ልጄ! ከሥራ ያባርሩሻል። እናትሽን የምትጦሪው አንቺ ነሽ አሉ።

ብዙነሽ፦ ያባርሩኝ። ወረቀት ይዤ በር ላይ መቆም ሁለተኛ አልችልም።

ይመር፦ (ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።)

ብዙነሽ፦ ጋሽ ይመር?

ይመር፦ በስንት ሰዓት ላድርሳት?